ቤተ ማርያምና የላስታ ገና

ቤተ ማርያም በላስታ ምድር፣ ቀድሞ ሮሃ ትባል በነበረችውና ዛሬ በንጉሥ ላሊበላ ስም በምትጠራው ከተማ ከሚገኙት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። ውቅር የሚባለው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ያልተገነባ፣ ከአንድ ወጥ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ሕንጻ ሲሆን፣ ቤተ ማርያምም በዙሪያዋ በተቆፈረ ጥልቅ ግቢ መካከል ቆማ ስለምትገኝ፣ ከግቢው አፋፍ ላይ የሚቆም ሰው ጣሪያዋን ቁልቁል ያያል። በስፋት ከጎረቤቷ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ብታንስም፣ የጌታ ልደት በሚከበርበት በታኅሣሥ 29 ቀን በመላው ኢትዮጵያ ስሙ የሚነሣው ቤዛ ኩሉ የተባለው ዝማሬ የሚፈጸመው በእርሷ ግቢና በእርሷ አፋፍ ላይ ነው። ላሊበላ ዛሬ ሆቴሎችና አውሮፕላን ማረፊያ ያሏት ከተማ ሆናለች፤ በገና ሰሞን ግን የምትተዳደረው ጥንት በነበራት የመንደር ደብር ወግ ነውና፣ ይህን በዓል ለመረዳት የሚሻ ሰው ከአለቱ ባልተናነሰ አለቱን ከብቦ የሚጾመውን፣ የሚያስቀድሰውንና እንግዳ የሚቀበለውን ሕዝብ ማወቅ ይገባዋል።

ላስታ በሰሜን ወሎ የሚገኝ ተራራማ አገር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። አብያተ ክርስቲያናቱ በዛግዌ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በቅዱስ ላሊበላ እንደታነጹ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት ያስተምራል፤ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሥራው በየደረጃው የተከናወነ ሊሆን እንደሚችል፣ እንደ ቤተ መርቆሬዎስ ያሉትም ምናልባት በመጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት የተፈለፈሉ እንደሆኑ ይገምታሉ። ንጉሡ በላስታ ምድር ሁለተኛ ኢየሩሳሌም ለመሥራት አስቦ ነበር የሚለው ትውፊት በቦታው ስሞች ላይ በግልጽ ይታያል፤ ጎልጎታና ደብረ ሲና የተሰኙ ቤቶች ያሉ ሲሆን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን በሁለት ምድብ የሚከፍለውም ፈለግ ዮርዳኖስ ይባላል። ከዮርዳኖስ በአንዱ ወገን ቤተ ማርያምን ጨምሮ ስድስቱ፣ በሌላው ወገን አራቱ ሲገኙ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻዋ ተነጥላ ቆማለች። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ በዝርዝር የጻፈ ሲሆን፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከመዘገባቸው ቦታዎች መካከል ሆነዋል።

ለላስታ ሕዝብ ታኅሣሥ 29 ድርብ በዓል ነው። ቅዱስ ላሊበላ የተወለደው የጌታ ልደት በሚከበርበት በዚሁ ዕለት እንደሆነ ትውፊቱ ስለሚናገር፣ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል አንድ በዓል ሆኖ የሚውለው ቀን በዚህ የጌታም የንጉሡም ልደት ሆኖ ይከበራል። የንጉሡ መቃብርም ከቤተ ማርያም ጥቂት ርቃ በምትገኘው በቤተ ጎልጎታ እንደሆነ ስለሚታመን፣ ገናን ብሎ የመጣ ምእመን ጎልጎታን ሳይሳለም አይመለስም።

ወደ ቤተ ማርያም የሚገባው በአለቱ ውስጥ በተቀደደ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሕንጻዋ ባለ አራት ማዕዘን ሆና በሰሜን፣ በምዕራብና በደቡብ በኩል ሦስት በሮች አሏት፤ በእያንዳንዱም በር ፊት ከዚያው ከአለቱ የተቀረጸና ወደ ውጭ የወጣ ደጃፍ አለ። መስኮቶቿ በልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጾች የተፈለፈሉ ሲሆኑ፣ በምዕራቡ ደጃፍ በላይ ሁለት ፈረሰኞች ከአውሬ ጋር ሲዋጉ የሚያሳይ ቅርጽ ይታያል። ውስጧ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በሥዕልና በሐረግ ያጌጠ ነው፤ በቅስቶቹና በጣሪያው ላይ መስቀሎች፣ ኮከቦች፣ አእዋፍና እንስሳት በቀለም ተሥለዋል። በመካከሏ ካሉት ምሰሶዎች አንዱ ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ዐምደ ብርሃን ይባላል። ያለፈውና የሚመጣው ዘመን ምሥጢር በላዩ እንደተጻፈ በትውፊት ስለሚታመን ሽፋኑን ገልጦ የሚያይ የለም፤ ካህናቱም ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በግቢዋ በሰሜን ግድግዳ ቤተ መስቀል፣ በደቡብ ግድግዳ ደግሞ ቤተ ደናግል ተፈልፍለው ስለሚገኙ፣ ግቢው አንዲት ሳይሆን ሦስት አብያተ ክርስቲያናትን ያቀፈ ነው። በዚሁ ግቢ ውስጥ ከአለቱ የተቆፈረ፣ ውኃው በአረንጓዴ ሣር የተሸፈነ ጥልቅ ገንዳ አለ፤ ልጅ ያልወለዱ ሴቶች በገና ሰሞን በገመድ ታስረው ቀስ ተብለው ወደ ጠበሉ ይወርዳሉ፤ ወገባቸውን ይዘው የሚያወርዷቸውም የሚያወጧቸውም ቤተሰቦቻቸውና ካህናቱ ናቸው። ጠበሉን በእምነት የተጠመቀች ሴት ልጅ ካገኘች በሚቀጥለው ዓመት ስእለቷን ይዛ ትመለሳለች።

ደብር ማለት በቤተ ክርስቲያኒቱ አገባብ የራሱ አስተዳዳሪ፣ ካህናትና ሊቃውንት ያሉት ትልቅ አጥቢያ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አገልጋዮች ስላሏቸው፣ ቤተ ማርያምም በዓመቱ ቀናት ሁሉ ኪዳን የሚደረስባት፣ የሚቀደስባትና ሙታን የሚታሰቡባት ናት። ቀሳውስቱና ዲያቆናቱ በየሳምንቱ ተራ ገብተው የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ተራው የደረሰው ወገን ሰሞነኛ ይባላል፤ ሰሞነኛ የሆነ ቄስ ሳምንቱን ከቤቱ ተለይቶ በንጽሕና ይቆያል። የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቀውና መግባት መውጣቱን የሚቆጣጠረው ቄሰ ገበዝ ነው፤ ዜማውን የሚመራው ደግሞ መሪጌታ ነው። ኅብስቱና ወይኑ የሚሰናዱበት ቤት ቤተ ልሔም ይባላል፤ ዱቄቱን የሚያቦኩትም ዲያቆናት ናቸው። ከካህናቱ ውጭ ያለው ሕዝብ በሰንበቴና በማኅበር ተሰባስቧል። ሰንበቴ በየሰንበቱ ተራ የደረሰው አባወራ ዳቦና ጠላ ይዞ መጥቶ ካህናትንና ድሆችን የሚያበላበት ሥርዓት ሲሆን፣ ማኅበር ደግሞ በአንድ ቅዱስ ስም፣ ለምሳሌ በየወሩ በ21 በእመቤታችን ስም፣ ጥቂት ወዳጆች በየቤታቸው ተራ በተራ የሚደግሱት ጽዋ ነው። በገና ዋዜማ በሺህ የሚቆጠር እንግዳ ወደ ከተማዋ ሲጎርፍ የሚቀበለው አዲስ የተቋቋመ ኮሚቴ ሳይሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ሲደጋገሱ የኖሩት እነዚሁ የሰንበቴና የማኅበር ሰዎች ናቸው። የበዓሉ ጉልበት ከዚህ እንደሚመነጭ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ገናን የሚቀድመው ጾመ ነቢያት ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ይጀምራል፤ ነቢያት የክርስቶስን መምጣት ተስፋ አድርገው የጾሙት እንደሆነ ስለሚታመን ይህን ስም አግኝቷል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀመስም፤ አብዝቶ የሚጾም ምእመንም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይልም። የጾሙ የመጨረሻ ሦስት ሳምንታት በቤተ ክርስቲያኒቱ የዜማ ሥርዓት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የሚባሉ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ስለ ነቢያት ትንቢት፣ ሁለተኛው ክርስቶስ ብርሃን ስለመሆኑ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ መልካሙ እረኛ የሚዘመርባቸው ናቸው። ኖላዊ እረኛ ነውና፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ልደትን ከማክበሯ በፊት ሕዝቡን ወደ እረኞቹ ሜዳ አስቀድማ ትወስደዋለች። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ከእርሱ በፊት ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ልደት በቤተ ክርስቲያኒቱ ቀመር ታኅሣሥ 28 ይውላል።

ኖላዊ ሲገባ ወደ ላስታ የሚወስዱት መንገዶች በተጓዦች ይሞላሉ። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከትግራይና ከሸዋ የሚመጡት አብዛኞቹ ዛሬ በመኪና ቢጓዙም፣ ለስእለት ሲሉ በእግር የሚመጡ፣ ከእነርሱም መካከል ጫማ ሳያደርጉ የሚጓዙ አሉ። ስንቃቸው በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው፤ ማታ ማታ በየመንገዱ ዳር ባገኙት አጥቢያ ያድራሉ፤ ያደሩበት መንደር ነዋሪም የእንግዳ ውኃ ሳያቀርብ አይቀርም። ከተማዋ ሲደርሱ ነዋሪው ከሚያደርግላቸው አቀባበል ውስጥ እንደ እግር ማጠብ ልብ የሚነካ የለም። የከተማዋ ወጣቶች በመግቢያው ላይ ሳፋና ማሰሮ ይዘው ይቆማሉ፤ የደከመውን ተጓዥ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና ጎንበስ ብለው በለብ ያለ ውኃ አቧራውን ያጥባሉ፤ የተሰነጠቀውን ተረከዝ በጣታቸው ያሻሉ፤ ከዚያም በጨርቅ አድርቀው ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ይሰጡታል። ሥርዓቱ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር በማጠቡ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ታጣቢው ሽማግሌም ሆነ ባልቴት፣ ነጋዴም ሆነ ለማኝ፣ ልዩነት አይደረግበትም። ታጥቦ ሲነሣ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ለከርሞ በሰላም ያድርሳችሁ» ብሎ ይመርቃል፤ አጣቢውም «አሜን» ብሎ ወደ ሌላው ያልፋል። ማደሪያ ቤት ያልበቃው ሕዝብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ፣ በሜዳውና በዛፍ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል፤ የታኅሣሥ ሌሊት በዚያ ከፍታ ላይ እጅግ ብርድ ስለሆነ እሳት አንድደው ከበው የሚያድሩ ብዙዎች ናቸው።

ታኅሣሥ 28 ከሰዓት በኋላ ደወል ሲደወል ዋዜማው ይጀመራል። ዋዜማ የዋናው በዓል መግቢያ የሆነ የዜማ ጸሎት ሲሆን፣ ከእርሱ በኋላ ሌሊቱን የሚሞላው ማኅሌት ይከተላል። ማኅሌት ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተሰልፈው፣ ግራና ቀኝ እየተቀባበሉ የሚያደርሱት ዝማሬ ነው፤ ድርሰቱም ዜማውም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የቅዱስ ያሬድ እንደሆነ ትውፊቱ ያስተምራል። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች የሚመራ ሲሆን፣ ሊቃውንቱ አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ አይጨርሱትም፤ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይሉታል፤ ቀጥለው መቋሚያቸውን እየወዘወዙ ያዜሙታል፤ ከዚያም ከበሮው ይገባና ቃሉ እየፈጠነ፣ እየጋለ ሄዶ በጭብጨባና በእልልታ ይደመደማል። አንድ ሐረግ ረጅም ጊዜ ሊወስድ የሚችለው ለዚህ ነው። መሪጌታ ለመሆን የሚሻ ተማሪ ድጓ የተባለውን ታላቅ የዜማ መጽሐፍ ከነምልክቶቹ ሲማር ብዙ ዓመታት ያሳልፋል፤ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ፣ በየመንደሩ እህል እየለመነ፣ በአንድ መምህር ጎጆ ዙሪያ በተሠሩ ትንንሽ ጎጆዎች ይኖራል። በቤተ ማርያም ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው እያንዳንዱ ሊቅ ይህን መንገድ ያለፈ ነው።

የማኅሌቱ መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱም ከበሮው በገና ሌሊት ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ከበሮ የተቦረቦረ ግንድ ሆኖ ሁለት አፎቹ በቆዳ ተወጥረዋል፤ አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሊቃውንቱ ሰፊውን የመለኮት፣ ጠባቡን የትስብእት፣ ማለትም የሰውነት ምሳሌ አድርገው ይተረጉሙታል፤ ሁለቱን አፎች የሚያያይዘው ጠፍር ጌታ በመከራው ጊዜ የተቀበለው ግርፋት፣ ከበሮው የሚለብሰው ጨርቅም ልብሱ ነው። መለኮትና ሥጋ በተዋሕዶ አንድ መሆናቸውን የሚያስተምረው የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት፣ ልደት በሚከበርበት ሌሊት በአንድ ግንድ ላይ ባሉ ሁለት አፎች ከሊቃውንቱ አንገት ተንጠልጥሎ ይመታል፤ ሰፊው አፍ ሲመታ ድምፁ ወፍራም፣ ጠባቡ ሲመታ ስለታም ሲሆን፣ አንዱ ብቻውን ዜማውን አይሞላውም። ሌሎቹ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። ጸናጽል ቀጫጭን ዘንጎች ላይ በተሰኩ ብረቶች የሚንሿሿ ሲሆን፣ የቀኝና የግራ ቋሚዎቹ ያዕቆብ ያየውን መሰላል ያስታውሳሉ። መቋሚያ ደግሞ ራሱ ላይ የመስቀል አምሳያ ያለው ረጅም በትር ሲሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሽማግሌ የሚደገፍበትም፣ የዜማውን ስልት መሬት እየመታ የሚጠብቅበትም ነው።

ማኅሌቱ ሲያበቃ ቅዳሴ ይገባል። ቅዳሴ ያለ አምስት አገልጋዮች፣ ማለትም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ አይቀደስም፤ የቤተ ማርያም መቅደስ ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው ሕዝብ በግቢው ውስጥ፣ በመተላለፊያዎቹና በአፋፉ ላይ ቆሞ ያስቀድሳል። መጋረጃው ተዘግቶ የሚሰማው ዜማ በአለቱ ግድግዳ ላይ እየተመለሰ ውጭ ላለው ይደርሳል፤ ሕዝቡም የሚቀበለውን ቃል ያውቀዋልና ሳያይ ይመልሳል። ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉት ጾመው፣ ንስሐ ገብተው የተዘጋጁ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው።

ቤዛ ኩሉ የሚጀመረው ቅዳሴው አልቆ፣ ሲነጋ ነው። ስሙ የሁሉ ቤዛ ማለት ሲሆን፣ የዓለም ሁሉ መድኃኒት መወለዱን ከሚያበሥረው የግዕዝ ዝማሬ የተወሰደ ነው። ሊቃውንቱና ካህናቱ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ከግቢው በላይ ወዳለውና ማሜ ጋራ ወደሚባለው አፋፍ ይወጣሉ፤ በግቢው ዙሪያ፣ በአለቱ ጠርዝ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይሰለፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ ታች፣ በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ይቆማሉ። ላይ ያሉት የመላእክት፣ ታች ያሉት የእረኞችና የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው፤ በቤተ ልሔም ሜዳ ሌሊት ከብቶቻቸውን ሲጠብቁ ለነበሩት እረኞች መልአክ እንደተገለጠላቸውና የሰማይ ሠራዊት እንዳመሰገኑ በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው እዚህ በአለት ላይ ቦታ አግኝቷል። ላይ ያሉት ይጀምራሉ፤ ታች ያሉት ይቀበላሉ። አፋፉ ላይ የተሰለፈው ረድፍ ሁሉ በአንድ ላይ ወደ ቀኝ፣ ደግሞም ወደ ግራ ይወዛወዛል፤ ጉልበት ሸብረክ ይላል፤ መቋሚያው ይነሣል፤ ከበሮ መቺዎቹም መካከል ገብተው እየዘለሉ ይመታሉ። ከበታቻቸው ገደል ቢሆንም አንዱ ሌላውን በትከሻው ስለሚይዘው ረድፉ አይናወጥም። በአፋፉ፣ በመተላለፊያውና በሩቅ ጉብታዎች ላይ የቆመው ሕዝብ በእልልታና በጭብጨባ ይመልሳል።

ይህ ሥርዓት በቴሌቪዥንና በፎቶግራፍ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሰው የሚያየው እንደ ትርኢት ነው። በአካባቢው ያለው አመለካከት ሌላ ነው፤ ቤዛ ኩሉ የሌሊቱ አገልግሎት መደምደሚያ ስለሆነ፣ አፋፉ ላይ የሚሰለፈው ካህን ከማታ ጀምሮ ሲዘምርና ሲያስቀድስ ያደረ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው ነው። ላይኛውና ታችኛው ወገን የሚቀባበሉት ቅርጽ የማኅሌቱ የግራና የቀኝ መቀባበል ራሱ ነው፤ ልዩነቱ ማኅሌቱ በሚቆምበት ወለል ላይ ፊት ለፊት የነበሩት አሁን በቁመት መለያየታቸው ብቻ ነው። ፈልፍለው ያወጡትን ሕንጻ ግቢ በዚያ ጥልቀት የተዉት ሰዎች ይህን አስበው ይሁን አይሁን፣ ግቢው ለእንዲህ ያለ ዝማሬ የተመቸ መሆኑ አያጠራጥርም።

ዝማሬው ሲያበቃ ጾሙ ይፈታል። እያንዳንዱ ቤት ድፎ ዳቦውን ቆርሶ፣ ጠላውን አውርዶ፣ አቅም ያለው በግ ወይም ዶሮ አርዶ፣ አቅም የሌለው ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብቶ ይቆያል፤ ቅርጫ ማለት ጥቂት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ አርደው ሥጋውን በእኩል መደብ የሚከፋፈሉበት ልማድ ነው። ተቀባይ ያጣ እንግዳ አይኖርም፤ በላሊበላ የገናን ማዕድ ብቻውን የሚበላ አባወራ ነውር ሆኖበት ይኖራልና፣ በሩን ከፍቶ «ግቡ፣ እንግዶች፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ማለት የተለመደ ነው። ከሰዓት በኋላ ወንዶችና ልጆች ወደ ሜዳ ወጥተው ገና ይጫወታሉ። ጨዋታው ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ፣ ከእንጨት ወይም ከቆዳ የተሠራች ሩር እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን ዳርቻ ለማድረስ የሚሽቀዳደሙበት ሲሆን፣ መነሻውም እረኞቹ የልደቱን ብሥራት ሰምተው በደስታ በበትራቸው የተጫወቱት እንደሆነ ይነገራል። አሽከርና ጌታ በአንድ ሜዳ ስለሚጋጠሙና በዚያች ቀን የተመታ ጌታ እንዳይቆጣ ባህሉ ስለሚያዝ፣ ጨዋታው በቀድሞው ዘመን ከዓመት እስከ ዓመት የማይገኝ ነፃነት የሚታይበት ነበር። በከተሞች እየቀረ ቢሄድም በላስታ ገጠር ዛሬም ዱላውን ከዱር ቆርጦ የሚያዘጋጅ ልጅ አለ።

የዚህ ሁሉ ማደሪያ የሆነው አለት ግን በራሱ ጊዜ ይደክማል። ቀላ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለመፈልፈል እንደተመቸ ሁሉ ለዝናብም ተጋላጭ ስለሆነ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ በስንጥቆቹ እየገባ ግድግዳውን ይሸረሽራል። ቀደም ሲል በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የጥገና ሥራዎች የተደረጉ ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ፣ ቤተ ማርያምን ጨምሮ በአንዳንዶቹ ላይ በብረት ምሰሶ የተደገፉ ትላልቅ ጥላዎች ተሠሩ። ጥላዎቹ ዝናቡን ቢከላከሉም ክብደታቸውና በነፋስ መወዛወዛቸው አለቱን እንዳይጎዳው ሕዝቡን አሳስቧል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ነዋሪዎች አብያተ ክርስቲያናቱ እንዲጠገኑ ሰልፍ ወጡ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከተማዋን ጎብኝተው አገራቸው በጥገናው እንደምትተባበር አስታወቁ። የአንድ ከተማ ሕዝብ ስለ ሕንጻ ጥገና አደባባይ መውጣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ለላሊበላ ሰው ግን የሚፈርሰው የታሪክ ቅርስ ብቻ አይደለም፤ የተጠመቀበት፣ ያገባበትና እናት አባቱን የቀበረበት ደብር ነው።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለደብሩ እጅግ ከብደዋል። የኮሮና ወረርሽኝ ጎብኚውን አስቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት ከተማዋ ድረስ ደርሶ በትግራይ ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ውላ፣ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር እንደገና ወደ ፌዴራል መንግሥት እጅ ተመለሰች። በዚያው ወር መጨረሻ የተከበረው ገና ከውጊያው ብዙም ሳይቆይ የዋለ ቢሆንም ምእመናን ግን ተሰብስበው ቤዛ ኩሉ ተዘምሯል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንገዱን ለተጓዥ አስቸጋሪ አድርጎታል። ከጎብኚ ገቢ የሚኖሩት አስጎብኚዎች፣ ሆቴል ሠራተኞችና የእደ ጥበብ ነጋዴዎች ክፉኛ ተጎድተዋል። ሆኖም የበዓሉ መሠረት የሆነው የሰሞነኛ ተራ፣ የሰንበቴ ድግስና የማኅሌት አገልግሎት ከጎብኚ ገንዘብ በፊትም የነበረ ስለሆነ አልተቋረጠም።

በዚህ ዘመን የቤተ ማርያም ገና ከላስታ ውጭም ይሰማል። በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በአውሮፓ ከተሞችና በሌሎች አገሮች የሚገኙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች ልደትን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን ሲያከብሩ፣ ቀኑ ለብዙዎቹ የሥራ ቀን ስለሚሆን ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ አሳልፈው ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄዱ አሉ። ከላሊበላ በቀጥታ የሚተላለፈውን ዝማሬ በስልክ የሚከታተሉና ለዘመዶቻቸው የስእለት ገንዘብ የሚልኩም ብዙዎች ናቸው።

ተጓዡ የሚመለሰው ከታኅሣሥ 29 ማግስት ጀምሮ ነው። አንዳንዱ ግን ጥምቀት ጥር 11 ስለሆነ እስከዚያ ድረስ በዘመድ ቤት ወይም በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይቆያል። ቄሰ ገበዙ በስእለት የገባውን ጃንጥላ፣ ሻማና መጋረጃ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሰበካ ጉባኤው፣ ማለትም ካህናትና ምእመናን በጋራ የሚገኙበት የአጥቢያ ሸንጎ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ለድሆችና ለአገልጋዮች ያካፍላል፤ ሰንበቴው የተዋሳቸውን ጋኖችና ሳፋዎች ለየባለቤቶቻቸው ይመልሳል። በገና የቆሙት ሰሞነኞች ሳምንታቸውን ጨርሰው ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ ተረኞቹ ጥር 6 ለሚውለው ለግዝረት በዓልና ጥር 10 ለሚወጣው ከተራ አገልግሎት ይገባሉ።